ወፍ መቁጠር ምን ይጠቅማል? ከአንገረብ ዳር እስከ ጣና ዳርቻ

ቅዳሜ ቅዳሜ ማለዳ ደብተሬን በብብቴ ይዤ ወደ አንገረብ ስወርድ የሚያገኙኝ የሰፈር ሰዎች «ወዴት ነው?» ብለው ይጠይቁኛል። «ወፍ ልቈጥር» ብዬ ስመልስ ከፊሎቹ ይሥቃሉ፤ ከፊሎቹም የሚያዝኑልኝ ይመስላሉ። አንዲት እናትማ «ልጄ፣ የሚቈጠርስ ገንዘብ ነበር» አሉኝ። ስለዚህ ይህን ሥራ ለምን እንደ ያዝሁት፣ እንዴት እንደሚሠራና ምን እንዳስተማረኝ በዘንድሮው መጽሔታችን ላይ ለማስረዳት ብዕሬን አነሣሁ። ይልቁንም ታናሽ እኅቴ ይህን ጽሑፍ ለአባቴ እንድታነብላቸው እፈልጋለሁ፤ ነገሩ ሁለቱንም የሚመለከት ነውና።

እኔ የተወለድሁት በደምቢያ ነው። አባቴ የሚያርሱት መሬት እስከ ጣና ዳርቻ ስለሚደርስ፣ ከልጅነቴ ጀምሮ ወፍን የማውቃት በጠላትነት ነበር። ያደግሁትም ማማ ላይ ቆሜ፣ ወንጭፍ ይዤ፣ ጉሮሮዬ እስኪዘጋ ድረስ እየጮኽሁ እህል ስጠብቅ ነው። ለሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ወደ ጎንደር ከመጣሁ በኋላ ከሁለት ጓደኞቼ ጋራ አንዲት ክፍል ተከራይተን እንኖራለን፤ ስንቃችንም ከየቤታችን ይመጣልናል። አንድ ቀን የሥነ ሕይወት መምህራችን «በአካባቢያችሁ ካለው ሕይወት ካለው ነገር አንዱን መርጣችሁ፣ ለአንድ ወር ተመልክታችሁ ጻፉ» ብለው የቤት ሥራ ሰጡን። እኔም እስከዚያ ቀን የማውቀው ወፍን ማባረር ብቻ ስለ ነበረ፣ «ሳላባርራቸው ባያቸውስ?» ብዬ አሰብሁ። ነገሩ የተጀመረው እንዲህ ነው።

ጎንደር በአንገረብና በቀሃ ወንዞች መካከል የተቈረቈረች ከተማ መሆኗን ሁላችንም እናውቃለን። ቀሃ ለጥምቀት በዓል የፋሲልን መዋኛ ይሞላል። አንገረብ ደግሞ ከከተማው በስተ ምሥራቅ ተገድቦ የምንጠጣውን ውሃ ይሰጠናል፤ የተረፈውም ከመገጭ ጋራ ተቀላቅሎ፣ ደምቢያን አቋርጦ ጣና ይገባል። ግድቡ የተሠራው ለሰው ነው እንጂ ለወፍ አይደለም፤ ይሁን እንጂ ውሃ ባለበት ሁሉ ወፍ ይመጣል። ስፍራው ማለዳ ጸጥ ያለ ነው። የሚሰማው የከብት ጠባቂ ፉጨትና የቤተ ክርስቲያን ደወል ብቻ ነው።

ወፍ ለማየት ብዙ ዕቃ አያስፈልግም። መነጽር ያለው ሰው ይጠቀምበት፤ እኔ ግን የሠራሁት በዓይኔ ብቻ ነው። የሚያስፈልገው የሚከተለው ነው። አንደኛ፣ በጊዜ መነሣት፤ ወፎች ከሁሉ ይልቅ የሚመገቡት ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል እስከ 3 ሰዓት፣ ከዚያም ከቀኑ 10 ሰዓት በኋላ ነው። ሁለተኛ፣ ፀሐይን ከኋላ አድርጎ መቀመጥ፤ ፀሐይ ከፊት ከሆነች ወፉ ሁሉ ጥቁር ሆኖ ይታያል። ሦስተኛ፣ ዝም ብሎ መቀመጥ፤ ሰው ሲመጣ የሸሸ ወፍ ያ ሰው ካልተንቀሳቀሰ ከሩብ ሰዓት በኋላ ይመለሳል። አራተኛ፣ ያዩትን ወዲያው መጻፍ፤ ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ የወፉን መጠን፣ የእግሩንና የመንቍሩን ቀለም፣ ምን ሲሠራ እንደ ነበረም። ነገ እጽፈዋለሁ ያለ ሰው ነገ የሚጽፈው የተመኘውን ነው።

መንጋ ሲመጣ አንድ በአንድ መቍጠር አይቻልም። ዘዴው እንዲህ ነው። መጀመሪያ አሥር ወፎች ቈጥሮ ምን ያኽል ስፍራ እንደሚይዙ በዓይን መለካት፤ ከዚያ በኋላ ያንን ልክ በመንጋው ሁሉ ላይ እያዘዋወሩ ስንት ጊዜ እንደሚገባ ማየት ነው። እናቶቻችን እህል በቁና እንደሚሰፍሩ ያለ ነው፤ ፍሬውን ማን ይቈጥረዋል?

አሁን ደግሞ ወፍን ከወፍ ስለ መለየት ላስረዳ። እኛ ረጅም እግር ያለውን ወፍ ሁሉ በጅምላ «ሽመላ» ማለት ይቀናናል። ጠጋ ብሎ ለተመለከተ ግን መንቍር ማለት የሥራ ዕቃ ነው፤ ወፉ ምን እንደሚበላና የት እንደሚቆም የሚናገረው መንቍሩ ነው። በውሃ ዳር እንደ ሐውልት ቆሞ የሚጠብቀው ግራጫ ወፍ መንቍሩ እንደ ጦር ቀጥ ያለና የሾለ ነው፤ ዓሣን ወይም እንቍራሪትን ወግቶ ይይዝበታል። ራሱና አንገቱ ጥቁር፣ አካሉ ነጭ የሆነው ወፍ ደግሞ መንቍሩ እንደ ማጭድ የጐበጠ ስለ ሆነ ጭቃውን እየጐረጐረ ትሉን ያወጣበታል። ከዳክዬዎች መካከል አንዱ መንቍሩ እንደ አካፋ የሰፋ ሲሆን፣ ጠርዙ ጥርስ እንዳለው ማበጠሪያ ነው፤ ውሃውን እያስገባና እያስወጣ ጥቃቅኑን ምግብ እንደ ወንፊት ያጠልልበታል። ጥቁርና ነጭ የተቀላቀለበት ዓሣ አጥማጅ ወፍ በአየር ላይ አንድ ስፍራ ቆሞ ክንፉን ያርገበግብና እንደ ድንጋይ ወደ ውሃው ይወረወራል። ሁላችን የምናውቀው ሳቢሳም ከብት ከብቱን የሚከተለው ለከብቱ አዝኖ አይደለም፤ ከብቶቹ ሲራመዱ ከሣሩ የሚበረግገውን ፌንጣ ለመልቀም ነው። እንግዲህ ሁሉም በአንድ ውሃ ዳር ሲኖሩ የማይጣሉት እያንዳንዱ የየራሱ ሞያ ስላለው ነው።

በአየር ላይ ለመለየትም አንድ ምልክት አለ። ዓሣን በመንቍሩ የሚወጋው ግራጫ ወፍ ሲበር አንገቱን አጥፎ በትከሻው መካከል ያስገባዋል። ፈረንጆች ክሬን የሚሉት ረጅም ወፍ ግን አንገቱን እንደ ዘንግ ዘርግቶ ይበራል፤ ድምፁም እንደ መለከት ከሩቅ ይሰማል። በጣና ዳር ከሚታዩት የክሬን ዓይነቶች ሁለቱን ልጥቀስ። አንደኛው ራሱ ላይ እንደ ወርቅ ዘውድ ያለ ላባ የተተከለበት ጥቁር ወፍ ሲሆን ዓመቱን ሙሉ አገሩ እዚሁ ነው፤ ይህ ወፍ በዓለም ላይ ቍጥሩ እየተመናመነ ስለ ሄደ ያሰጋል ተብሎ ተመዝግቧል። ሁለተኛው ግራጫው ሲሆን እንግዳ ነው፤ ከሰሜን አውሮፓ የሚመጣ የበጋ እንግዳ።

ስለ እንግዶቹ ከመናገሬ በፊት የራሳችንን አገር ልጆች ላስታውስ። በፋሲል ግቢ ግንብ ስንጥቅ ውስጥ የሚጎጁትን፣ በማጅራታቸው ላይ ነጭ ቀለበት ያለባቸውን ርግቦች ያላየ የጎንደር ልጅ የለም። ማታ ማታ ከቤታችን በላይ እየጮኹ የሚያልፉትን፣ በጉሮሯቸው ሥር ሥጋ የተንጠለጠለባቸውን ጐባጣ መንቍር ወፎችም፣ መንቍረ ወፍራሙንም ቁራ እናውቃቸዋለን። እነዚህ ሦስቱም ከኢትዮጵያና ከኤርትራ ደጋ ውጭ የሚኖሩበት አገር የለም ለማለት ያስደፍራል። ሦስቱንም በሳይንስ ስም ጠርቶ ለዓለም ያስታወቃቸው ኤድዋርት ሩፐል የተባለ ጀርመናዊ ነው፤ እሱም እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ1832 እና በ1833 በጎንደር ተቀምጦ ነበር። ከእሱም በፊት በ1770 ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ ወደ ጎንደር ሲመጣ በሊማሊሞ ተራራ ላይ የፍየል ሥጋ ቀርቦ ሳለ፣ ጢም ያለው ትልቅ አሞራ ከመካከላቸው ወርዶ ሥጋውን እንደ ነጠቀ ጽፏል። ባዕዳን ከሩቅ መጥተው የጻፉትን እኛ ከደጃችን ሆነን ካላየነው የሚያሳፍር ነው።

የእንግዶቹም ነገር እጅግ ይደንቃል። በጥንት ዘመን በአውሮፓ ወፎች በክረምት ወዴት እንደሚጠፉ የሚያውቅ ሰው ስላልነበረ፣ አንዳንድ ሊቃውንት «በጭቃ ውስጥ ይተኛሉ» ይሉ ነበር። በ1822 በሰሜን ጀርመን አንድ ነጭ ሽመላ ተገኘ፤ በአንገቱ ላይ ግን ከአፍሪካ የተወረወረ ረጅም ጦር ተሰክቶበት ነበር። ወፉ ቈስሎ ሳለ ያን ሁሉ መንገድ በርሮ አገሩ ደረሰ። አካሉም በሮስቶክ ዩኒቨርሲቲ ተጠብቆ ይገኛል። ከዚያ በኋላ በ1899 ሞርተንሰን የተባለ የዴንማርክ መምህር ቍጥር የተጻፈበት የአሉሚኒየም ቀለበት በወፎች እግር ላይ ማሰር ጀመረ፤ ቀለበቱን ያገኘ ሰው ወፉ ከየት እንደ ተነሣ ያውቃል ማለት ነው። ይህን ታላቅ ሥራ የጀመረው ቅርስና ሀብት የነበረው መስፍን ሳይሆን የተማሪ ቤት አስተማሪ መሆኑን ጓደኞቼ ልብ እንዲሉት እሻለሁ። በዘመናችን ደግሞ በሳተላይት የሚከታተሉት ትንሽ መሣሪያ በክሬኖች ላይ ታስሮ ከፊንላንድ የተነሡ ወፎች እስከ ኢትዮጵያ እንደሚደርሱ ተረጋግጧል። በጥቅምት ይመጣሉ፤ በመጋቢት ይመለሳሉ። በሺህ የሚቈጠሩት በጣና ዙሪያ፣ በደምቢያና በፎገራ ሜዳ ይከርማሉ።

እንግዲህ ስለ አባቴ እርሻ ልንገራችሁ። ክረምት ሲወጣና ጣና ወደ ኋላ ሲመለስ፣ የተለቀቀው እርጥብ መሬት ባሕር ሸሽ ይባላል። ሽንብራና ጓያ፣ በቆሎም ይዘራበታል። ክሬኖቹም በዚሁ ወራት ይደርሳሉ። ስለዚህ በየዓመቱ ከጥቅምት እስከ የካቲት እህል የሚጠብቅ ልጅ ያስፈልጋል። እኔ ወደ ጎንደር ከመጣሁ ወዲህ ማማው ላይ የወጣችው ታናሽ እኅቴ ናት። ባለፈው ዓመት በፊት በነበረው ዓመት ከትምህርቷ ብዙ ቀን በመቅረቷ ፈተናዋን ወድቃ ክፍል ደገመች። ይህን በሰማሁ ጊዜ የቤት ሥራዬ የቤት ሥራ ብቻ መሆኑ ቀረ።

በጥር ወር ተማሪ ቤት ሲዘጋ ወደ ቤት ሄድሁና ደብተሬን ይዤ አራት ቀን ሙሉ ማማው ላይ ተቀመጥሁ፤ ወንጭፉን ግን አልያዝሁም። በየሰዓቱ ወፎቹ የት እንደ ቆሙ ጻፍሁ። ከአራቱ ቀን በአንደኛው ጠዋት 72 ክሬን ቈጠርሁ፤ 61 የሚሆኑት የቆሙት እህሉ ከታጨደበት ቃርሚያ ላይ ነበር፤ 11 ብቻ ሽንብራው ውስጥ ነበሩ። ሌሎቹም ቀናት ከዚህ ብዙ አልራቁም። ይህን ለአባቴ ባሳየኋቸው ጊዜ ደብተሩን ተቀብለው አገላብጠው አዩትና፣

«ታዲያ እነዚያ ዐሥራ አንዱ የማን ናቸው?» አሉኝ።

«አባባ፣ የእኛ ናቸው፤ ግን የሚበዙት የወደቀውን እህል ነው የሚለቅሙ» አልኋቸው።

«ፍርፋሪ ነው የሚለቅሙ ትለኛለህ። ችግር ያለበት ቤት ፍርፋሪም ይቈጥራል፣ ልጄ። ደግሞ አንተ የመጣኸው እህሉ ከበረታ በኋላ ነው። ዘሩ ሲጣል ብታያቸው ኖሮ እንዲህ አትልም።»

እውነታቸውን ነበር። እኔ ያየሁት የጥርን ወር ብቻ ሆኖ ሳለ ስለ በጋው ሁሉ መናገሬ ስሕተት ነበር። ስለዚህ ደብተሩን ለእኅቴ ሰጠኋትና እንዴት እንደሚቈጠር አስተማርኋት። ዘንድሮ ከዘር ጀምሮ እስከ ታኅሣሥ መጨረሻ ድረስ በየሳምንቱ ጻፈች፤ የእሷ ጽሑፍ ከእኔ የተሻለ ነው። ያገኘችው ይህ ነው። ዘሩ ከተጣለበት ቀን አንሥቶ ቡቃያው አንድ ስንዝር እስኪሆን ድረስ ወፎቹ በእርግጥ እየጫሩ ዘሩን ያወጣሉ፤ ጕዳቱም ቀላል አይደለም። ቡቃያው ሥር ከያዘ በኋላ ግን ወደ ቃርሚያው ይሄዳሉ። ዘሩን በሚያወጡበት ጊዜም ቢሆን የሚመጡት በማለዳና በማታ ነው፤ በቀትር ውሃ ዳር ያርፋሉ።

አባቴ ይህን ከሰሙ በኋላ ብዙ አልተናገሩም። በማግሥቱ ግን «እንግዲያው ማለዳውን እኔ እጠብቃለሁ፤ ማታውን እሷ ከትምህርት ስትመለስ ትደርሳለች። ከዘር ሳምንታት በኋላ ማማው ባዶ ይሁን፤ ደግሞ እናየዋለን» አሉ። በዚህ ዓመት እኅቴ ከታኅሣሥ ወዲህ አንድ ቀን እንኳ አልቀረችም። ወፍ መቁጠር ምን ይጠቅማል ለሚሉኝ ሁሉ የመጀመሪያው መልሴ ይህ ነው።

ሁለተኛው ነገር ግን ገና አላለቀም። ከእርሻችን በታች፣ በውሃውና በመሬቱ መካከል፣ ደንገልና ፊላ የበቀለበት ጠባብ ረግረግ አለ። አባቴ ያንን መንጥረው ለማረስ ያስባሉ፤ ልጆች ሲበዙ መሬት ስለሚጠብ አልፈርድባቸውም። ነገር ግን ረግረጉ ባዶ ቦታ አለመሆኑን ማስረዳት ይገባኛል። ክሬኖች ሌሊት የሚያድሩት ጅብና ቀበሮ እንዳይደርስባቸው ጥልቀት በሌለው ውሃ ውስጥ ቆመው ነው፤ ግራጫው ክሬን እንደ ሌላው ወፍ ዛፍ ላይ መስፈር አይችልም። ቀረሶ የተባለው ዓሣ የሚራባው፣ ጫጩቱም የሚደበቀው በዚሁ በዳርቻው ሣር ውስጥ ነው። ደንገሉ ለታንኳ ይሆናል፤ ፊላውና ቄጠማው በበጋ ለከብት ይታጨዳል። ከዚህም በላይ ከደጋው የሚወርደውን ጐርፍ ደንገሉ እንደ ወንፊት አጥልሎ አፈሩን ያስቀራል። ወፉ፣ ዓሣውና ላሙ በአንድ ረግረግ ላይ ተደግፈዋል ማለት ነው።

ጣና በ2007 ዓ.ም. በዩኔስኮ ከዓለም የተፈጥሮ ጥብቅ ስፍራዎች ጋራ ተመዝግቧል። ይሁንና መዝገብ ብቻውን ሐይቅ አይጠብቅም። ከደቡብ አሜሪካ የመነጨው፣ አበባው ሐምራዊ የሆነው እምቦጭ በ2004 ዓ.ም. ገደማ በሰሜኑ ዳርቻ፣ በመገጭ መግቢያ አካባቢ ታወቀ። ሲመቸው በሁለት ሳምንት ያኽል ጊዜ ራሱን እጥፍ የሚያደርግ አረም ነው። ውሃውን እንደ ምንጣፍ ሲሸፍነው ብርሃን ወደ ታች አይገባም፤ ዓሣ አጥማጁም መረቡን መጣል፣ ረጅም እግር ያለው ወፍም መቆም ያቅተዋል። የአገራችን ገበሬዎች ውሃ ውስጥ ገብተው በእጃቸው ሲነቅሉት አይቻለሁ፤ አባቴም ከእነሱ አንዱ ነበሩ።

ወደ አንገረብ ልመለስ። በግድቡ ዳር ማለዳ ቁጭ ስል ጭቃ የሚጐረጕሩት ወፎች ሲበዙ ደስ ይለኝ ነበር። በኋላ ግን መምህራችን «ጭቃው ከየት መጣ?» ብለው ጠየቁኝ። የመጣው ከላይ ካሉት ተራሮች ነው። ዛፉና ሣሩ ባለቀበት ተዳፋት ላይ ዝናብ ሲወርድ አፈሩን ጠርጎ ወደ ግድቡ ያገባዋል፤ ግድቡም በየዓመቱ በደለል እየተሞላ የሚይዘው ውሃ ያንሳል። ጠልቀው ዓሣ የሚይዙ ወፎች ጥልቅ ውሃ ይፈልጋሉ፤ ጭቃ ጐርጓሪዎቹ ግን ጥልቀት የሌለውን ይወድዳሉ። ስለዚህ የወፎቹን ዓይነት ዓመት ከዓመት የሚጽፍ ሰው የውሃውን ነገር ከወፎቹ ይረዳል። በሰፈራችን ጀሪካን አሰልፈን ውሃ ስንጠብቅ ይህን አስባለሁ፤ የወፎቹ ድግስ የእኛ ጾም ሊሆን ይችላል። መድኃኒቱም የታወቀ ነው፤ ይኸውም በተዳፋቱ ላይ እርከን መሥራት፣ ዛፍ መትከል፣ የወንዙን ዳር ሣር አለማስጋጥ ነው።

እንግዲህ ወንድሞቼና እኅቶቼ፣ በኢትዮጵያ ከ850 በላይ ዓይነት ወፎች ሲገኙ፣ በጣናና በዙሪያው ብቻ ከ200 በላይ ይታያሉ። እኔ እስከ ዛሬ በደብተሬ የጻፍሁት 63 ነው፤ ስማቸውን የማላውቀውንም በመልካቸው ጽፌአቸዋለሁ። የሚቀረው ብዙ ነውና ኑ፣ እንካፈለው። በሚመጣው ዓመት በየወሩ የመጀመሪያው ቅዳሜ ማለዳ በአንገረብ ዳር ተገናኝተን አብረን እንድንቈጥር ለክፍል ጓደኞቼ ሐሳብ አቀርባለሁ። መምህራኖቻችንም ደብተሩ በተማሪ ቤታችን ቤተ መጻሕፍት እንዲቀመጥ ቢፈቅዱልን፣ እኛ ጨርሰን ስንሄድ ከኋላችን የሚመጡት ይቀጥሉታል። የአንድ ዓመት ቍጥር ወሬ ነው፤ የአሥር ዓመት ቍጥር ግን ምስክር ነው።

ለአባቴም አንድ ቃል አለኝ። አባባ፣ ረግረጉን በዚህ ዓመት ሳያርሱት ስላሳለፉት አመሰግንዎታለሁ። የሚመጣው ዓመት ምን እንደሚሆን አላውቅም፤ ውሳኔው የእርስዎ ነው። ከመወሰንዎ በፊት ግን አንድ ማታ፣ ፀሐይ ስትጠልቅ፣ ክሬኖቹ ወደ ማደሪያቸው ሲገቡ አብረን ቁጭ ብለን እንቍጠራቸው። እኅቴ ደብተሩን ትያዝልን።